ከቦሌ እስከ ዲሲ፦ በየት በኩል ይሻላል?

አምና ኅዳር ላይ የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። የምትኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል፤ እናቷ መጥተው እንዲያርሷት ትኬት እየፈለገች ነው። ስልኳ ላይ አራት አማራጭ ተደርድሯል። አንዱ 17 ሰዓት ይላል፣ አንዱ 20፣ አንዱ 23፣ አንዱ ደግሞ 28።

"ቦሌም ያው ቦሌ፣ ዲሲም ያው ዲሲ። እንዴት የ11 ሰዓት ልዩነት ይመጣል?" አለችኝ።

ጥያቄው የብዙ ሰው ነው። ይህን መንገድ ለራሴም ለዘመድም ስመዝነው ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ የማውቀውን በአንድ ቦታ ላስቀምጠው። የትኛው አየር መንገድ ምግቡ ይጣፍጣል፣ የማን ወንበር ይመቻል የሚለው ውስጥ አልገባም። እሱ አላፊ ነገር ነው፤ ከአውሮፕላኑ ወርዳችሁ ሁለት ቀን ሳይሞላ ትረሱታላችሁ።

መጀመሪያ ኪሎ ሜትሩ

ከቦሌ እስከ ደለስ አየር ማረፊያ ያለው አጭሩ መስመር 11,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በማይል 7,180 ያህል ይሆናል። ("ደለስ" ብዬ የምጽፈው ቴክሳስ ካለው ዳላስ ጋር እንዳይምታታ ነው። ትኬት ላይ "አይ ኤ ዲ" የሚለውን ኮድ ፈልጉ።) ሉል ካላችሁ አንድ ክር ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ወጥሩ። ክሩ በሱዳንና በሊቢያ አልፎ፣ ስፔንና ፖርቹጋልን አቋርጦ አትላንቲክ ውስጥ ይገባል። በእውነተኛው በረራ ግን አብራሪው ክሩን አይከተልም። ሱዳን ውስጥ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ከፈነዳ ወዲህ ብዙ አውሮፕላን ያንን ሰማይ እየዞረ ነው የሚሄደው። የሊቢያም ሰማይ ከዚያ በፊት ጀምሮ የሚሸሽ ነው።

ትልልቆቹ አውሮፕላኖች በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራሉ። 11,550ን ለ900 ብታካፍሉት ወደ 13 ሰዓት ይመጣል። ይህ ስሌት ከዲሲ ወደ አዲስ ሲመጣ በትክክል ይሠራል፤ በረራው 13 ሰዓት ገደማ ነው። ከአዲስ ወደ ዲሲ ሲሆን ግን ይፈርሳል። ምክንያቱ ሁለት ነው።

አንደኛው ነፋስ ነው። አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ወደ አዲስ ስትመጡ ከኋላ ይገፋችኋል። ወደ ዲሲ ስትሄዱ ፊት ለፊት ይጋፈጣችኋል። በክረምታቸው፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ይብስበታል።

ሁለተኛው ራሱ ቦሌ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ክንፉን የሚሸከመው አየር ያንሳል፤ ሞተሩ የሚስበውም ያንሳል። ለሯጮቻችን የጠቀመ ከፍታ ለአውሮፕላን አልጠቀመም። ሰውም፣ ሻንጣም፣ ለአትላንቲክ ማዶ የሚበቃ ነዳጅም ሞልቶ መነሳት ይከብደዋል። ከሦስቱ አንዱ መቀነስ አለበት። ሰውና ሻንጣ ገንዘብ ስለሆነ የሚቀነሰው ነዳጁ ነው፤ እሱ መንገድ ላይ ይሞላል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አሜሪካ ሲሄድ መሃል ላይ የሚያርፈው ለዚህ ነው። የማረፊያው ከተማ በየጊዜው ይለዋወጣል። የዲሲው በረራ ሮም ላይም ደብሊን ላይም ሲያርፍ ኖሯል፤ ለሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ደግሞ የቶጎዋ ሎሜ አለች።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ያጣላናል፤ "ቀጥታ" የሚለው። በእኛ አፍ "ቀጥታ በረራ" ሁለት ነገር ነው። አንዱ የትም ሳያርፍ የሚደርስ ነው። ሌላው ለነዳጅ ያርፋል፣ እናንተ ግን ከአውሮፕላኑ አትቀይሩም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከወንበራችሁም አትነሱም። ከዲሲ ወደ አዲስ ሲመጣ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ከአዲስ ወደ ዲሲ ሲሄድ በብዛት ሁለተኛው። ትኬት ቆራጩ "ቀጥታ ነው" ሲላችሁ አልዋሸም። የትኛው ቀጥታ እንደሆነ ግን ጠይቁት።

በምን እንመዝን?

አብዛኛው ሰው ከዋጋ ይጀምራል። እኔ ዋጋን መጨረሻ ነው የማየው። ከሱ በፊት የሚመጡት እነዚህ ናቸው።

ጠቅላላ ሰዓት። በአየር ላይ የምታሳልፉት ሳይሆን ከቦሌ በር እስከ ደለስ በር ያለው። ሰዓቱን የሚበላው ሰማዩ ሳይሆን ምድሩ ነው፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የሚቀጥለውን በረራ መጠበቅ። ወደ ዲሲ ሲኬድ በአየር ላይ ያለው ሰዓት በሁሉም መንገድ ከ16 እስከ 18 ተኩል ባለው ውስጥ ነው። የ11 ሰዓቱ ልዩነት በአብዛኛው የመጣው ከቆይታ ነው።

አውሮፕላን መቀየር። እንግሊዝኛ ለማይናገር፣ ጉልበቱ ለሚያመው ወይም ሕፃን ለታቀፈ ሰው አንድ መቀየር ማለት አንድ ሙሉ ፈተና ማለት ነው። ለወጣት ተማሪ ግን እግር ማፍታቻ ነው።

ወረቀት። በየትኛው አገር በኩል እንደምታልፉ የፓስፖርታችሁ ዓይነት ይወስናል። ወደ ፍራንክፈርት ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ሻንጣ። ስንት ፒስ፣ ስንት ኪሎ፣ መጨረሻው ድረስ የሚላክ ነው ወይስ መሃል ላይ እናንተው የምታወርዱት?

ቢበላሽስ? የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ማን ነው ኃላፊነቱን የሚወስደው? ጉዞው በሙሉ በአንድ ትኬት ከሆነ አየር መንገዱ በሚቀጥለው ያሳፍራችኋል። ሁለት ለየብቻ የተቆረጡ ትኬቶች ከሆኑ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ አያውቃችሁም። "ርካሽ አገኘሁልህ" ከተባላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ነው። የቦታ ማስያዣ ቁጥሩ አንድ ነው ሁለት?

የኢትዮጵያው ቀጥታ

ወደ ዲሲ ሲሄድ ከነማረፊያው 17 ሰዓት ገደማ ነው። ሲመለስ 13። ይህን ልዩነት ልብ በሉልኝ፤ ለኔ የዚህ ሁሉ ንጽጽር ቁልፍ እሱ ነው። ሲኬድ ቀጥታው ጥሩ ቆይታ ካለው ትራንዚት የሚበልጠው በሁለትና በሦስት ሰዓት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሲመለስ ግን የሚወዳደረው የለም። ረፋድ ላይ ከደለስ ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት ቦሌ ያደርሳችኋል። ስለዚህ መሄጃውንና መመለሻውን ለየብቻ መዝኑ።

አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ነው። ሉፍታንዛ፣ ተርኪሽና ዩናይትድም እዚያው ናቸው። ስለዚህ አንዳንዴ በአንድ ትኬት ላይ በአንዱ ሄዶ በሌላው መመለስ ይቻላል። ድረ ገጽ ላይ ሁልጊዜ አይወጣም። ጥሩ ትኬት ቆራጭ ግን ይሠራዋል።

ሻንጣ ላይም ይህ መንገድ ያደላል። በኢኮኖሚ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። በርበሬና ሽሮ ለሚጭን ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። (ቋንጣውን ግን ተዉት። ሥጋ አያስገቡም፤ ደለስ ላይ ቅርጫት ውስጥ ሲገባ ማየት ያሳምማል። በርበሬውንም ቢሆን ስትጠየቁ "ይዣለሁ" በሉ፤ የሚያስቀጣው መደበቁ ነው።)

ጉድለቱስ? አንዱ ዋጋው ነው። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ላይና ለገና ሰሞን ይሰቀላል። ሌላው የወንበሩ ነገር ነው። መሃል ላይ ሲያርፍ በብዛት ስለማይወረድ 17 ሰዓት አንድ ቦታ ትቀመጣላችሁ። የደም ዝውውር ችግር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይሂድ። መተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር ያዙ፤ በየሁለት ሰዓቱ ተነሱ።

በፍራንክፈርት

ካርታ ላይ ዞሮ የሚሄድ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ከአዲስ ፍራንክፈርት 5,340 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከፍራንክፈርት ደለስ 6,550 ገደማ ነው። ሲደመር 11,900 አካባቢ። ከቀጥታው የሚረዝመው በ350 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ከአዲስ እስከ ጂማ ያለውን የመኪና መንገድ ያህል። በሰዓት ሲሆን ሰባት ሲደመር ዘጠኝ፣ 16 ሰዓት በአየር ላይ። መንገዱ ለሁለት እኩል የሚቀርብ ስለሆነ ሰውነት ብዙም አይጎዳም። በግሌ ብቻዬን ስሄድ ደስ የሚለኝ ይሄኛው ነው።

ችግሩ ቆይታው ነው። ከአዲስ ማታ የተነሳው በረራ ፍራንክፈርት የሚደርሰው ማለዳ ነው። የዲሲው በረራ እስኪነሳ ብዙ ሰዓት መጠበቅ ሊኖር ይችላል። ትኬቱ ላይ ቆይታው ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ከሆነ እሰዬው። ሰባት ከሆነ ቀጥታው ይሻላል።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ቆይታም አትውሰዱ። ወደ አሜሪካ የሚሄድ በረራ በሩ ላይ ተጨማሪ የወረቀት ምርመራ አለው፤ አንዳንዱ ተሳፋሪ ተጠርቶ ሻንጣው እንደገና ይፈተሻል። በሩም ከሌሎች በረራዎች ቀድሞ ነው የሚከፈተው።

አሁን ወረቀቱ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገር (በጋራ ቪዛ ከሚሠሩት የአውሮፓ አገሮች በአንዱ) አየር ማረፊያ ውስጥ ለማለፍ ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት ውስጥ ነው። ጸንቶ ያለ የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ግን ከዚህ ነፃ ነው። ስለዚህ ለአብዛኛው የዲሲ መንገደኛ ችግር የለም። ችግሩ ያለው መሃል ላይ ላሉት ነው። ጉዳያቸው በሂደት ላይ ሆኖ በአድቫንስ ፓሮል (ጉዳዩ እስኪያልቅ ከአሜሪካ ወጥቶ ለመመለስ በሚሰጥ ፈቃድ) ብቻ የሚጓዙ ሰዎች የሚያልፉበትን አገር ኤምባሲ በጽሑፍ ሳይጠይቁ በአውሮፓ በኩል ትኬት አይቁረጡ። ለእነሱ ቀጥታው ዋጋው ቢጨምርም ርካሽ ነው።

በአውሮፓ አየር መንገዶች ርካሹ ትኬት ላይ ሻንጣ አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ጭራሽ የሌለበትም አለ። "100 ዶላር አተረፍኩ" ብላችሁ ቦሌ ላይ ለሁለተኛ ሻንጣ ያንኑ ትከፍላላችሁ።

በኢስታንቡል

3,730 ገደማ ሲደመር 8,400 ገደማ። ጠቅላላው 12,100 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ በአየር ላይ ደግሞ 17 ሰዓት ያህል ነው። የመጀመሪያው ክፍል አጭር ነው፤ አምስት ሰዓት ተኩል። ሁለተኛው 11 ሰዓት ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የመንገደኞች በረራ የተዛወረበት አዲሱ አየር ማረፊያ ሰፊ ነው። ሰፊ ስል አንድ ጥግ ወርዳችሁ በረራችሁ ሌላ ጥግ ከሆነ የሃያ ደቂቃ ፈጣን እርምጃ ማለቴ ነው። አረጋዊ ይዛችሁ ከሆነ ዊልቸር ትኬት ስትቆርጡ አስመዝግቡ። በነፃ ነው። እግራቸው ደህና ቢሆንም አስመዝግቡ፤ ዊልቸሩን የሚገፋው ሰው መንገዱን ያውቀዋል፣ ከበር በር ያደርሳቸዋል። ቋንቋ ለማይችል ሰው ከዚህ የተሻለ አስተርጓሚ የለም። በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ ይሠራል።

ዋጋው ብዙ ጊዜ ከቀጥታው ዝቅ ይላል። የቆይታው ሰዓት ግን ከቀን ቀን ይለያያል። ማክሰኞ ብትነሱ አራት ሰዓት የነበረው ረቡዕ ላይ አሥር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቀናችሁ ያልተቆረጠ ከሆነ ሦስት አራት ቀን ወደፊትም ወደኋላም እያያችሁ ፈልጉ።

በዱባይ ወይም በዶሃ

እዚህ ቶሎ ልለፍ። ጂኦግራፊው አይደግፋቸውም። ወደ ምዕራብ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ትሄዳላችሁ። በዱባይ ጠቅላላው ወደ 13,900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በዶሃ 13,400 ገደማ። ሁለተኛው በረራ ብቻውን ከ14 ሰዓት በላይ ነው። ከቀጥታው ላይ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨመራል ማለት ነው።

እና ማን ይሄድበታል? ዱባይ ወይም ዶሃ እህት ወንድም ያለው ሰው። ሁለት ቀን አርፎ፣ ዘመድ ጠይቆ ለመቀጠል ለሚፈልግ ጥሩ ነው። ቪዛውን ቀድሞ ያዘጋጅ እንጂ። አንዳንዴም ሌላው ሁሉ ሲሰቀል እነሱ ቅናሽ ያወጣሉ። ግን እ.ኤ.አ. ሰኔ 2025 ላይ የባሕረ ሰላጤው ሰማይ በአንድ ምሽት ሲዘጋ እንዳየነው፣ ያ አካባቢ ሲታመስ በረራውም አብሮ ይታመሳል። ቀጠሮ ያለው ሰው፣ ለምሳሌ የኢሚግሬሽን ኢንተርቪው ወይም የሠርግ ቀን፣ አንድ ሁለት ቀን ትርፍ ይያዝ።

በአሜሪካ ሌላ ከተማ በኩል

ይህም ይመጣላችኋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቺካጎ፣ ኒውዮርክና አትላንታም ይበራል። ከዚያ በአገር ውስጥ በረራ ወደ ዲሲ። ዋጋው አንዳንዴ ያጓጓል። ነገር ግን አሜሪካ ስትገቡ መጀመሪያ በምትረግጡት አየር ማረፊያ ኢሚግሬሽን ታልፋላችሁ፣ ሻንጣችሁን ራሳችሁ ታወርዳላችሁ፣ በጉምሩክ ታሳልፋላችሁ፣ እንደገና ታስረክባላችሁ። 46 ኪሎ ይዞ፣ እንቅልፍ ሳይተኙ። ቢያንስ አራት ሰዓት ቆይታ ከሌለው አልመክርም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ አረጋዊ ደግሞ ጭራሽ።

በነገራችን ላይ ዲሲ አካባቢ አየር ማረፊያው ሦስት ነው። አገር ውስጥ በረራው ከደለስ ይልቅ ከተማው ሥር ባለው ሬገን ወይም ባልቲሞር ሊያወርዳችሁ ይችላል። ተቀባያችሁ የትኛው ጋ እንደሚቆም ይወቅ።

በአንድ ላይ ሲታይ (ወደ ዲሲ ሲኬድ)

| መንገድ | ርቀት በግምት | በአየር ላይ | ከነቆይታው | አውሮፕላን መቀየር | ሻንጣ |
|---|---|---|---|---|---|
| ቀጥታ (ለነዳጅ የሚያርፍ) | ከ11,550 ጥቂት ከፍ ይላል | 16 ሰዓት | 17 ሰዓት | የለም | በብዛት 2 ፒስ |
| በፍራንክፈርት | 11,900 ኪ.ሜ. | 16 ሰዓት | ከ18 እስከ 24 | አንድ ጊዜ | ትኬቱ ይወስናል |
| በኢስታንቡል | 12,100 ኪ.ሜ. | 17 ሰዓት | ከ19 እስከ 27 | አንድ ጊዜ | ትኬቱ ይወስናል |
| በዶሃ | 13,400 ኪ.ሜ. | 18 ሰዓት | ከ20 እስከ 28 | አንድ ጊዜ | ትኬቱ ይወስናል |
| በዱባይ | 13,900 ኪ.ሜ. | 18 ሰዓት ተኩል | ከ21 እስከ 28 | አንድ ጊዜ | ትኬቱ ይወስናል |

ሲመለስ በአየር ላይ ያለውን ከሁሉም ላይ ቀንሱ። ቀጥታው 13 ይሆናል፣ ፍራንክፈርትና ኢስታንቡል ወደ 15፣ ዱባይና ዶሃ ወደ 17። ቆይታው ግን አይቀንስም።

ሰዓቱን ስታነቡ

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የየከተማው ሰዓት ነው። አዲስ ከዲሲ በስምንት ሰዓት ትቀድማለች፤ በእነሱ በጋ ግን በሰባት። እነሱ መጋቢት ላይ ሰዓታቸውን ወደፊት ይገፋሉ፣ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ይመልሳሉ። ስለዚህ በጥር ወር ከቦሌ 22:15 ተነስቶ ደለስ 07:15 የሚገባ በረራ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ይመስላል። እሱ ላይ ስምንት ጨምሩበት፤ 17። በተቃራኒው ከደለስ 11:00 ተነስቶ በማግስቱ 08:00 ቦሌ የሚገባው 21 ሰዓት ይመስላል። ስምንት ቀንሱ፤ 13።

ከዚህ የባሰ ወጥመድ አለ፤ እኔ ራሴ ወድቄበታለሁ። አንድ ጊዜ ትኬቴ "ማክሰኞ 00:40" ይል ነበር። ወደ እኛ ሰዓት ቀየርኩት፤ ከሌሊቱ 6:40። እስከዚህ ልክ ነኝ። ማክሰኞ ማታ ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ ዶሮ ተበልቶ፣ ተመራርቀን፣ በሁለት መኪና ታጅቤ ቦሌ ደረስኩ። በሩ ላይ ያለው ልጅ ወረቀቴን አየና ፈገግ አለ። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ትናንት ሌሊት ሄዷል።" በእኛ አቆጣጠር ከሰኞ ማታ ጋር የሚቆጠረው ሌሊት በፈረንጅ ማክሰኞ ነው። ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ይቀየራል እንጂ እስኪነጋ አይጠብቅም። ሻንጣዬን ይዤ ወደ ቤት ስመለስ እናቴ "በል ዶሮው ተርፏል" አለችኝ።

ከ00:00 እስከ 05:59 የሚል ሰዓት ካያችሁ ቦሌ የምትሄዱት በዋዜማው ማታ ነው። ለእናት ለአባት ስትነግሩ "ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ" በሏቸው። አይሳሳቱም።

ታዲያ ማን በየት ይሂድ?

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጡ እናትና አባት፣ ያለ ጥርጥር ቀጥታ። ልዩነቱ 300 ዶላር ቢሆን እንኳ ልጆች አዋጡና ክፈሉ። ሕፃን ለያዘችም እንዲሁ። የተኛ ልጅ ቀስቅሶ አውሮፕላን ከመቀየር ወንበር ላይ ሆኖ ነዳጅ እስኪሞላ መጠበቅ ይሻላል።

ተማሪ ወይም ብቸኛ ወጣት በኪሱ ይሂድ። ግን ሒሳቡን እንዲህ ይሥራ፦ የዋጋውን ልዩነት ለተጨማሪው ሰዓት ያካፍል። 80 ዶላር ለመቆጠብ 9 ሰዓት መጨመር በሰዓት 9 ዶላር እንኳ አይሞላም። አየር ማረፊያ ውስጥ ቡናና ሳንድዊች ገዝቶ ያንኑ ይጨርሰዋል። 400 ዶላር ለ6 ሰዓት ከሆነ ግን እኔም እሄዳለሁ።

ለአጭር ጊዜ አገር ቤት ገብቶ የሚወጣ፣ ለሁለት ሳምንት ፈቃድ በሉት፣ ቀኑን እንጂ ሳንቲሙን አይቁጠር። በሁለቱም አቅጣጫ ረጅም ቆይታ ያለው ትኬት አንድ ሙሉ ቀን ይበላበታል። በአንዱ ሄዶ ቢያንስ በቀጥታው የሚመለስበትን ትኬት ያፈላልግ።

ለቅሶ የደረሰበት ሰው ቶሎ የሚነሳውን ይያዝ። እዚያ ላይ ንጽጽር የለም።

ረጅም መቀመጥ የማይችል ደግሞ በፍራንክፈርት ይሂድ። ሰባት ሰዓት፣ እረፍት፣ ከዚያ ዘጠኝ። ወረቀቱ የተሟላ እስከሆነ ድረስ ለጉልበትና ለወገብ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው።

የአክስቴ ልጅ ቀጥታውን ቆረጠች። ጥር ላይ ደለስ ቆመን ጠበቅናቸው። እዚያ መንገደኛውን ከአውሮፕላኑ ወደ ኢሚግሬሽን የሚያመጣ ረጅም እግር ያለው አውቶቡስ መሳይ ነገር አለ። አክስቴ ዊልቸራቸው ላይ ሆነው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ብቅ አሉ። "ደርሰናል ካሉኝ በኋላ ደሞ ሌላ መኪና ጫኑኝ" ብለው ጀመሩ።

መንገዱ ስንት ሰዓት እንደፈጀባቸው ልጃቸው ጠየቀቻቸው።

"እኔ ምን አውቄ! ሁለቴ አበሉኝ፣ ሦስቴ ጸለይኩ። ሌሊቱ ግን አልነጋ አለኝ።"

እውነታቸውን ነው። ማታ ተነስተው ከጨለማው ጋር ወደ ምዕራብ እየሄዱ 17 ሰዓት ሙሉ አንድ ሌሊት ውስጥ ነበሩ።